የሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የመኪና ፍጥነት ማብረድ፦ ከልኬት እስከ ግንባታ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር በመኪና ሲማረር የሚከተለው ነገር የታወቀ ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ከሁሉ በላይ የጮኸው ሰው በር ላይ ብሬከር ይሠራል። ብሬከሩ አጭርና ቁመታም ነው። የቤት መኪና ሆዱን ይፍቅበታል፣ ሲኖትራክ ሌሊት ሲሻገረው መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ክረምት ሲገባ ከጀርባው ውሃ ያቁራል። መኪናው ግን ብሬከሩን ባለፈ በሃምሳ ሜትሩ እንደገና ይበራል። ዓመት ሳይሞላ ያሠራው ሰው ራሱ በዶማ ሲያስፈርሰው ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህ መመሪያ ለዕድር፣ ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴ፣ ለትምህርት ቤት ወላጆች የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ናቸው፤ ሐዋሳም ባሕር ዳርም አዳማም ያለ ሰው ግን ሊሠራበት ይችላል። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ አንድን በር ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ አቅዱ፤ ሾፌሩን በምክርና በምልክት ሰሌዳ ሳይሆን በመንገዱ ቅርጽ አብርዱት።

1. ችግሩ የቱ እንደሆነ ለዩ

«መኪና አስቸገረን» በሚል አንድ ቅሬታ ውስጥ ብዙ ነገር ተደባልቆ ይመጣል። ፍጥነት አንዱ ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋጋ ሰፈሩን አቋራጭ አድርጎ የሚያልፈው ብዛት ሌላው ነው፤ ገርጂና ሃያ ሁለት አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፣ በተለይ የራይድ ሾፌሮች በስልክ ካርታ መመራት ከጀመሩ ወዲህ። የግንባታ መኪና ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መንገድ ዳር የሚቆም መኪና እግረኛውን ወደ መሃል ሲገፋው ሌላ ችግር ይወለዳል።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? መድኃኒታቸው ስለሚለያይ። ጉብታ ፍጥነትን ይቀንሳል እንጂ የአቋራጭ ፈላጊውን ቁጥር ብዙም አይቀንስም፤ ዋናው መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ከመቆም ሦስት ጉብታ መሻገር ይሻለዋል። አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰውን መኪና ደግሞ ከግንባታው ባለቤት ጋር ሰዓትና መስመር ተስማምቶ መግታት ይቻላል፤ ለእሱ ብሎ መንገድ መቀየር አያስፈልግም።

2. በጆሮ ሳይሆን በሰዓት ለኩ

«በ80 ነው የሚበሩት» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ሲለካ ብዙ ጊዜ 45 ይሆናል፤ 45 ራሱ ለሰፈር መንገድ ብዙ ነው፣ ግን የተጋነነ ቁጥር ይዛችሁ ቢሮ ከገባችሁ ባለሙያው ቀሪውንም አያምናችሁም።

ራዳር አያስፈልግም። ቀጥ ያለና ከመታጠፊያ ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ። በሜትር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች በጠመኔ አጥር ላይ ምልክት አድርጉ፤ የመብራት ምሰሶ ካለ እሱም ይሆናል፣ መሃላቸውን መለካት ብቻ ነው። አንድ ሰው በስልክ ሰዓት መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ ያስነሳል፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ያቆማል። ከዚያ 180ን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ የሚወጣው ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30፣ 4.5 ከፈጀ 40፣ 3.6 ከፈጀ 50፣ 3 ሰከንድ ከፈጀ 60።

ሰዓት የሚይዘው ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ መንገድ ዳር አይቁም፤ ሾፌሩ ትራፊክ መስሎት ይቀንሳል። ሱቅ በር ላይ ወንበር ይዞ ቡና እየጠጣ ቢለካ ይመረጣል። ከፊቱ ሌላ መኪና የሌለበትን ብቻ መዝግቡ፤ ተከትሎ የሚሄድ መኪና ፍጥነቱን የመረጠው እሱ አይደለም። በአንድ ዙር 40 መኪና ይበቃል። ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ከ1 ሰዓት እስከ 2፣ ማታ ከ11 እስከ 1፣ እንዲሁም መንገዱ ጭር ካለ በኋላ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ለዩና ለኩ። የሌሊቱ ቁጥር ከሁሉ የከፋ ሆኖ ታገኙት ይሆናል።

40ውን ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ በቅደም ተከተል ጻፉ። 34ኛው ላይ ያለው ፍጥነት የእናንተ ዋና ቁጥር ነው፤ ከመቶ ሰማንያ አምስቱ መኪና ከእሱ በታች ይነዳል ማለት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ቁጥር ይህ ስለሆነ ቢሮ ስትገቡ የምትናገሩት በእነሱ ቋንቋ ይሆናል። አማካይ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፣ ቀስ ብለው የሚነዱት ሽማግሌ የበራሪውን ጥፋት ይሸፍኑለታል።

አቋራጩን ለመቁጠር ደግሞ በሰፈሩ መግቢያና መውጫ አንድ አንድ ሰው ይቀመጥ። የታርጋውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮችና ደቂቃውን ብቻ ይጻፍ። በአንዱ ጫፍ ገብቶ እንደ መንገዱ ርዝመት በሁለት ሦስት ደቂቃ በሌላው የወጣ መኪና ሰፈሩ ውስጥ ጉዳይ አልነበረውም። ሙሉ ታርጋ አትጻፉ፤ ሥራው ሲያልቅም ወረቀቱን አስወግዱ። የጎረቤትን መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ ኮሚቴ በሁለተኛው ቀን ጠላት ያፈራል።

በዚህ ልኬት ብዙ ጊዜ የሚወጣና ማንም የማይወደው ነገር አለ፦ ከሚበሩት ብዙዎቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ደብቃችሁ አትያዙት፤ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ተናገሩት።

3. ግባችሁን 30 አድርጉ

30 ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ሒሳቡን በቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ሾፌር ልጅ ዘሎ ሲገባበት አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በ30 የሚሄድ መኪና በዚያ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ በ5 ሜትር ይቆማል። ድምሩ 13 ሜትር ገደማ። በ50 የሚሄደው በዚያችው ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ማለትም በ30 የነዳው ቆሞ ባለቀበት ቦታ ላይ ይህኛው ገና ፍሬን አልነካም። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ልዩነቱ ይብሳል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮች ባወጡት የመንገድ ደህንነት መግለጫ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ሁሉ 30 ከፍተኛው እንዲሆን የጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ብራስልስ በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ፓሪስም በዚያው ዓመት ከተማቸውን በሞላ ጎደል ወደ 30 አውርደዋል። አዲስ አበባ ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ስለሆነ ክርክሩ እዚህ የበለጠ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

4. ሰፈሩን በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጡ

የሳተላይት ምስል አትሙና ሰፈሩን የከበቡትን ዋና መንገዶች በወፍራም እስክሪብቶ አስምሩ። በመሃሉ ያለው በሙሉ አንድ ክልል ነው። በአንዱ መንገድ ላይ ብቻ ጉብታ ከሠራችሁ መኪናው ትይዩ ወዳለው መንገድ ይዞራል፣ እዚያ ያሉትም በተራቸው ሲሚንቶ ይገዛሉ።

ካርታው ላይ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ በሮችን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ታክሲ መያዣውን፣ ጤና ጣቢያውን አስገቡ። ዳገትና ቁልቁለቱን፣ የጎርፍ ቦዩንና የቱቦ ክዳኖችንም አትርሱ፤ ኋላ ላይ የጉብታውን ቦታ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ልጆቹ የሚሄዱበትን መስመር ከወላጅ አትጠይቁ። ወላጅ የሚነግራችሁ ልጁን ሂድ ያለበትን ነው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠይቁ።

አቋራጭ መንገድን ለመቁረጥ በዓለም ላይ የተሞከረው ዘዴ አንድ ዓይነት ነው፦ ነዋሪው ወደ ቤቱ መግባት ይችላል፣ ማንም ግን በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው መውጣት አይችልም። ባርሴሎና በ2016 እ.ኤ.አ. ፖብለኖው በተባለው ሰፈር ዘጠኝ ብሎኮችን አንድ አድርጋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሁለት ቦታ ላይ እግረኛ፣ ብስክሌትና አምቡላንስ የሚያሳልፍ፣ መኪና የማያሳልፍ ማገጃ ነው፤ የሚነሳ የብረት ምሰሶ ወይም የአበባ ሳጥን።

እኛ ጋ ደግሞ ማንም ሳያቅደው የሚሠራ ሙከራ አለ፤ ድንኳን። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር መንገዱ ሁለትና ሦስት ቀን ይዘጋል፣ ማንም አይከራከርም። በዚያ ቀን ወጥታችሁ ተመልከቱ። መኪናው በየት ዞረ? የትኛው ጠባብ መንገድ ተጨናነቀ? ሱቁ ገበያው ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ልጆቹ ምን አደረጉ? አማካሪ ተከፍሎት የሚያመጣው የትራፊክ ጥናት ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማገጃ ማለት ዘበኛ የሚቆምበት ኬላ አይደለም። መንገዱ የሕዝብ ነው። መታወቂያ እያየ የሚያሳልፍ በር የሚያቆም ሰፈር ፍጥነት እያበረደ ሳይሆን መንገድ እየወሰደ ነው፤ ፈቃድም አያገኝም።

5. የሚጎዳውን ሰው አስቀድማችሁ ጥሩ

ስብሰባውን ዕድር ይጥራው። የዕድር ዳኛ የጠራው ስብሰባ ላይ ሰው ይመጣል፤ «የትራፊክ ኮሚቴ» የጠራው ላይ የሚመጡት የተስማሙት ብቻ ናቸው። ከስብሰባው በፊት ግን ሁለት ሰው ልካችሁ ሊቃወም የሚችለውን በየቤቱ አነጋግሩ፦ ጋራዥ ያለውን፣ የባጃጅና የታክሲ ሾፌሮችን፣ ዕቃ የሚጫንለትን ባለሱቅ፣ ወገባቸውን የሚያማቸውን አዛውንት፣ በራቸው ላይ ጉብታ ሊሠራ የታሰበባቸውን። ዓይነ ስውርና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጎረቤት ካለ ካርታውን ይዛችሁ አብራችሁት መንገዱን ሂዱበት።

ስብሰባው ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር ግቡ ይሁን። «ጉብታ እንሥራ ወይስ አንሥራ» ካላችሁ ሦስት ሰዓት ትከራከራላችሁ። «ከዚህ እስከ እዚህ ማንም ከ30 በላይ እንዳይነዳ እንፈልጋለን፣ ሁለት ወር እንሞክረው» ብትሉ የሚቃወመው ጥቂት ነው። ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ቢሮ የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ እሱን ነው።

6. መሣሪያውን ምረጡ

ከጉብታው እንጀምር፤ በብዛት የሚሠራውም የሚበላሸውም እሱ ስለሆነ።

በሰፈር የሚሠራው አጭር ብሬከር በመኪናው አቅጣጫ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው ብሬከር በዝግታ ለሚያልፈው ይቆረቁራል እንጂ ለበራሪው አይደለም፤ በፍጥነት ሲመታ ጎማውና ሞላው ይውጡትና ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ብዙም አይሰማውም። ማለትም የሚቀጣው ሥርዓት ያለውን ሾፌር ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዋትስ የተባለ የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ባለሙያ ይህን ፈትሾ ያቀረበው ቅርጽ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ በመኪናው አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት፣ መሃሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ እንደ ቀስት የተጎበጠ። ረጅም ስለሆነ መኪናው በሙሉ ይወጣበታል፤ በ25 እና በ30 ያለፈ ምቾቱ አይነካም፣ በ50 ያለፈ ጭንቅላቱ ጣሪያ ይፈልጋል። አሁን ብዙ ከተሞች ከፍታውን 7.5 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል፤ ላዳና ዝቅ ያለ ቪትዝ ለሚበዛበት ሰፈር እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

አንድ ጉብታ ብቻውን ከንቱ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ60 እስከ 80 ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፤ ከዚያ ከራቀ ሾፌሩ በመሃል ያፈጥናል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ጭሱና ድምፁ ከበፊቱ ይብሳል። የመጀመሪያው ጉብታ መኪናው ከዋናው መንገድ ታጥፎ ገና ፍጥነት ሳያነሳ የሚያገኘው ይሁን።

የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። መታጠፊያ ላይ፣ የግቢ በር ፊት፣ የቱቦ ክዳን ላይ አይሠራም። ከ8 በመቶ በላይ ቁልቁለት ላይም እንዲሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ መንገድ ያስወጣል። ቁልቁለቱን ለማወቅ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ በውሃ ልክ ማስተካከልና ታችኛው ጫፍ ከመሬት ስንት እንደተነሳ መለካት ነው፤ ከ8 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጎርፉ ደግሞ አለ። ጉብታው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከተዘረጋ ለሐምሌ ዝናብ ግድብ ነው። በሁለቱም ጎን ጫፉን አሹሉትና 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ተዉ። ሞተርና ብስክሌት በዚያ ከሾለከ ጠርዙ ላይ አጭር ምሰሶ ይተከላል።

የትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ በር ላይ ከጉብታ ይልቅ ከፍ ያለ ማቋረጫ ይሻላል፦ ዜብራው ራሱ በ10 ሴንቲ ሜትር ይነሳል፣ ከላይ 3 ወይም 4 ሜትር ጠፍጣፋ ይሆናል፣ በሁለቱም ወገን በአንድ ሜትር ገደማ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እግረኛው ሳይወርድ ያልፋል፣ መኪናው ይወጣል። ዓይነ ስውር ግን ጠርዙን በዱላው ስለማያገኘው መጀመሪያው ላይ ሸካራ ንጣፍ አድርጉ።

ርካሹና ብዙ የማይታሰበው መፍትሔ ያለው ማዕዘን ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር የሚታጠፈው ማዕዘን በሰፊው የተጎበጠ ከሆነ መኪናው ሳይቀንስ ይገባል። የጉብጠቱን ራዲየስ ከ10 ሜትር ወደ 4 ብታጠቡት መሪውን ለመጠምዘዝ የግድ መቀነስ አለበት፤ የእግረኛው ማቋረጫም ያጥራል። የቆሻሻ መኪናና የውሃ ቦቴ መታጠፍ እንዲችሉ መጀመሪያ በጠመኔ አስምራችሁ አንዱን ሾፌር ለምናችሁ አስሞክሩ። አዲስ አበባ በለገሃርና በሰባተኛ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ለመኪና የተረፈውን አስፋልት በቀለምና በቀላል ማገጃ ለእግረኛ የመለሰችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ስለዚህ ቢሮ ስትሄዱ አዲስ ነገር እየጠየቃችሁ አይደለም።

ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ ካላችሁ መኪና ማቆሚያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያደረጋችሁ መንገዱን ማጣመም ይቻላል፤ የሚፈጀው ቀለም ነው። አራት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ትንሽ አደባባይ ጥሩ ይሠራል። የምልክት ሰሌዳ ብቻውን ግን ምንም አያደርግም፤ ከቅርጽ ጋር ሲሆን ብቻ ያግዛል።

«ጉድጓዱ ራሱ ያበርዳቸዋል፣ ተዉት» የሚል ቀልድ በየስብሰባው ይነሳል። አያበርድም። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሲሸሽ የሚመጣው ዳር ዳር ወደሚሄደው እግረኛ ነው።

7. ፈቃድ

ራሳችሁ ቆፍራችሁ ወይም ሲሚንቶ ጥላችሁ ሞተረኛ ቢወድቅበት ተጠያቂ እናንተ ናችሁ። አካሄዱ ከወረዳ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ጉዳዩም ወደ ከተማው ትራፊክ ማኔጅመንትና ወደ መንገዶች ባለሥልጣን። አስፋልትና ኮብልስቶን የተለያየ ቢሮ ሊመለከተው ስለሚችል መጀመሪያ መንገዱ በማን ሥር እንደሆነ ጠይቁ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከሥሩ ካርታውን፣ የፍጥነት ሰንጠረዡን፣ ፎቶና ቃለ ጉባኤውን አያይዙ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና መዝገብ ቤት አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመቱ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው። የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች መድቡ፤ አንደኛው ቢደክመው ሌላው እንዲሄድ። የምትጠይቁት ቋሚ ግንባታ ሳይሆን የሁለት ወር ሙከራ ከሆነ ለመፍቀድ የሚከብደው ኃላፊ ያንሳል፤ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን እንዲያይ ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

8. ሙከራ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ሞክሩ፤ በዝናብ ቀለም አይዝም። አሮጌ ጎማ ነጭ ቀብታችሁ አፈር ሞልታችሁ ማዕዘን ማጥበብ፣ በአበባ ሳጥን መንገድ ማጣመም ትችላላችሁ። ባዶ ድንጋይ ግን አይደረደርም፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ድንጋይ ወጥመድ ነው። በማገጃው ሁሉ ላይ አንጸባራቂ ይለጠፍ።

ሰዉን ለማለማመድ «መንገድ ለሰው» ጥሩ አርአያ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ዋና መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለሕፃናትና ለስፖርት ሲከፍት ሰው አይቷል። በሰፈር ደረጃ አንድ እሑድ ጠዋት ብታደርጉት ከስብሰባ ይልቅ ያሳምናል።

ሙከራው በሦስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው ይለካ። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር አያታልላችሁ፣ ሾፌሩ ገና እየደነገጠ ነው። ትይዩ መንገዶቹንም ለኩ። 34ኛው መኪና ከ35 በታች ከወረደና ጎረቤት መንገድ ላይ ብዛቱ ካልጨመረ ሠርቷል። ፍጥነቱ ወርዶ ጎረቤት መንገድ ከተጨናነቀ ግን ችግሩን አዛውራችሁት ነው፤ ወደ ካርታው ተመለሱ።

9. ግንባታ

ጉብታ የሚበላሸው ግንበኛው «በዓይን» ሲሠራው ነው። ጣውላ በቅርጹ ልክ አስቆርጡና ሥራው ላይ እያስቀመጣችሁ ፈትሹ። ለ3.7 ሜትር ጉብታ ከመሃሉ ወደ ሁለቱም ወገን የሚኖረው ከፍታ ይህ ነው፦ 7.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሃሉ ላይ 7.5፣ በግማሽ ሜትር 7፣ በአንድ ሜትር 5.3፣ በአንድ ሜትር ተኩል 2.6፣ በ1.85 ሜትር ዜሮ። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 10፣ 9.3፣ 7.1፣ 3.4 እና ዜሮ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተሳሳተ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይስተካከል። «ትንሽ ከፍ ቢል ምን አለበት» የሚል ግንበኛ ይኖራል፤ ለመኪናው ሆድ አለበት።

ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ድንጋዩን አንስቶ ሥሩን ከፍ አድርጎ በደንብ ጠቅጥቆ በዚያው ድንጋይ መልሶ መንጠፍ ይቻላል፤ መልኩም ከመንገዱ ጋር ይሄዳል። የሚፈርሰው ግን ከጠርዙ ነው። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ከርብስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ከመሬት እኩል አጋድማችሁ በሲሚንቶ አስይዙ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ሲኖትራክ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ይፈታቸዋል።

ቀለሙ ሥራው ባለቀበት ዕለት ይቀባ። ያልተቀባ አዲስ ጉብታ በመጀመሪያዋ ሌሊት ሰው ይጎዳል። ከጉብታው 30 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይተከል፣ ከተቻለም ቦታው የመንገድ መብራት ሥር ይሁን።

10. ከተሠራ በኋላ

ግንቦት ላይ ጫፎቹንና ቦዩን ጥረጉ፣ መስከረም ላይ ቀለሙን አድሱ፤ የዕድሩ የዓመት ሥራ ውስጥ ካስገባችሁት አይረሳም። በስድስተኛው ወር እንደገና ለኩ። ቅሬታ የሚያመጣ ጎረቤት ካለ፣ በተለይ የድምፅ ቅሬታ፣ ሌሊት ሄዳችሁ አዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጉብታው ሳይሆን ጭነቱ ያልታሰረ መኪና ነው፣ አንዳንዴ ግን ጉብታው ከቤቱ አሥር ሜትር መራቅ ነበረበት።

መንገዱ እንደገና አስፋልት ሊለብስ ከሆነ ቀድማችሁ ቢሮውን አግኙ። አዲሱ አስፋልት አሮጌው ላይ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከተደረበ 7.5 የነበረው ጉብታ 2.5 ይቀራል፤ የኮንትራክተሩ ዝርዝር ሥራ ውስጥ ጉብታው በአዲሱ ወለል ላይ እንደገና እንዲሠራ ካልተጻፈ ማንም አይመልሰውም። የገቢ ማኅተም ያለበትን ኮፒ፣ ፈቃዱንና የልኬት ሰንጠረዡን ዕድሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀምጡት፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው እሱ ነው።